ከበርጫ በኋላ የሚደልቅ ልብ

ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ «ልቤ ሊወጣ ነው» እያለ ደረቱን ይዞ ድንገተኛ ክፍል የሚገባ ወጣት ካለ፣ ከኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ ከሚመዘግበው ምርመራ) በፊት የማስበው ሰዓቱን ነው። በርጫ አብዛኛውን ጊዜ ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት ገደማ ይጀመራል። የጫቱ ዋና አነቃቂ ካቲኖን በደም ውስጥ ጣሪያ የሚነካው መቃም ከተጀመረ 2 ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው። ደካማው ወንድሙ ካቲን ግን ከዚያም በኋላ ይቆያል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ሲከተል ደግሞ አልኮሉ ለብቻው ልብን የሚያናውጥ ነገር ሆኖ ይጨመራል።

ስለዚህ አጠያየቃችን ብዙ ነገር ይወስናል። እናቱ አጠገቡ ቆማ «ጫት ትቅማለህ?» ከተባለ መልሱ «ኧረ በጭራሽ» ነው። «እናቴ፣ ለአፍታ ውጭ ይጠብቁን» ብሎ ካስወጡ በኋላ፣ ያለ ቁጣ «ዛሬ ስንት ሰዓት ጀመራችሁ? ምን ጠጣችሁበት? ኪኒን ነበረበት?» ማለት ይሻላል። ቡናው፣ ኮካው፣ ሲጋራው፣ ሺሻው፣ ትራማዶሉ ሁሉም ይጠየቃል። «ግማሽ ዙርባ ብቻ ነው» የሚለው መልስ ግን ብዙ አይነግረንም። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይቀየራል። በኮባ ተጠቅልሎ ከአወዳይ በጥድፊያ የሚጫነው ለዚህ ነው። ትንሽ ትኩስ ጫት ከብዙ ገራባ የበለጠ ልብ ሊያስሮጥ ይችላል።

ኢሲጂው ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ጤነኛው የልብ ምት ፈጥኖ ነው። ከእያንዳንዱ ምት በፊት ፒ ሞገድ፣ ማለትም የላይኛው የልብ ክፍል የሚሠራት ትንሽ ጉብታ፣ አለ፤ ፍጥነቱ ቀስ እያለ ወጥቶ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ከ220 ዕድሜን ቀንሰን ከምናገኘው ቁጥርም ብዙ ጊዜ አያልፍም። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ቁጥሩን ለማውረድ መቸኮል ነው። ችግሩ ያለው ልቡ ላይ ሳይሆን አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በሚያፈሰው ነርቭ ላይ ነው፤ ልብ የታዘዘውን እየፈጸመ ነው። ጸጥ ያለ ክፍል፣ ሰውነቱ ውኃ ካጠረው ፈሳሽ፣ ከተንቀጠቀጠና ከተቅበዘበዘ ደግሞ ዳያዚፓም 5 ሚሊግራም በደም ሥር ቀስ ተብሎ ይሰጣል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ጠብቆ፣ ካስፈለገ ይደገማል። ጨብሲ ከነበረ ግን ዳያዚፓምና አልኮል ተደጋግፈው ትንፋሽ ሊያቆሙ ይችላሉ፤ የኦክስጅን መለኪያውን ከጣቱ ሳናነሳ ነው የምንሰጠው።

ፕሮፕራኖሎል በየመደርደሪያው ስለሚገኝ እጅ ቶሎ ወደ እሱ ይሄዳል። መድኃኒቱ ልብን የሚያፈጥነውን ቤታ በር ሲዘጋ የደም ሥርን የሚያጠብበው አልፋ በር ክፍት ይቀራል። ግፊቱ ሊያሻቅብ፣ የልብ ደም ሥርም ሊኮማተር ይችላል። በኮኬይንና በሜታምፌታሚን ላይ ይሰጥ አይሰጥ የሚለው ክርክር ዛሬም አልተዘጋም፤ እኔ ግን ምን እንደተወሰደ ሳላውቅ በመጀመሪያው ሰዓት አልሰጠውም። ደረቱን የሚያመው ከሆነ «ጫት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ጫት የልብ ደም ሥርን አኮማትሮ በወጣትነት የልብ ድካምን ሳይሆን የልብ ጥቃትን ሊያመጣ ይችላል፤ አስፒሪን፣ ናይትሮግሊሰሪን፣ ትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ)፣ ተደጋጋሚ ኢሲጂ ያስፈልገዋል።

ምቱ ከ150 በላይ ሆኖ እንደ ሰዓት ቆጣሪ እኩል ከሄደ፣ ፒ ሞገዱ ከጠፋ፣ ታማሚውም «እንደ መብራት በአንዴ በራ» ካለ ነገሩ ሌላ ነው፤ ከልብ የታችኛው ክፍል በላይ የሚነሳ ድንገተኛ ፈጣን ምት፣ ኤስቪቲ ይባላል። ግፊቱ ደህና ከሆነ መጀመሪያ መርፌ አያስፈልግም። ከፍ ብሎ ተቀምጦ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገፊው እስኪንቀሳቀስ ለ15 ሰከንድ ይነፋል፤ ወዲያው በጀርባው አስተኝተን እግሮቹን 45 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ እናነሳለን። በ2015 የታተመው የእንግሊዝ ጥናት ላይ በዚህ ዘዴ 43 ከመቶው ወደ ጤነኛው ምት ሲመለሱ፣ ተቀምጠው ብቻ ካማጡት ግን 17 ከመቶው ነበሩ። ምንም ወጪ የሌለው ነገር ሆኖ በደንብ የሚሠራው ሰው ማነሱ ያሳዝነኛል።

ካልሠራ መርፌው አዴኖሲን 6፣ ቀጥሎ 12 ሚሊግራም ነው። ዕድሜው ከ10 ሰከንድ ስለማይበልጥ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቱቦ) ሰፊ፣ ክርን ላይ የገባ መሆን አለበት፤ 20 ሚሊ ሊትር ሳላይንም ወዲያው ይከተለዋል። እጅ ጀርባ ላይ በቀጭን ካኑላ የተሰጠ አዴኖሲን ልብ ሳይደርስ ያልቃል። በርጫ ላይ ደግሞ ቡና አለ፤ ካፌይን አዴኖሲን የሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ስለሚይዝ መጠኑ ላይበቃው ይችላል። አዴኖሲን ከሌለ ቬራፓሚል 5 ሚሊግራም ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ወስዶ ይሰጣል። ኪውአርኤሱ (ኢሲጂው ላይ የታችኛው የልብ ክፍል የሚሠራው ትልቁ ሞገድ) ሰፊ ከሆነ፣ ግፊቱ ከወረደ ወይም ልቡ የደከመ ከሆነ ግን ቬራፓሚል አይነካም። የተወሰደው ኮኬይን ሆኖ ኪውአርኤሱን ካሰፋው መድኃኒቱ ሶዲየም ባይካርቦኔት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሥርዓት የለሹ ምት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። ጫትና ጨብሲ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፤ ነገር ግን በአገራችን ወጣት ላይ ሲታይ ስቴቶስኮፑን ሳያነሱ ጫቱን መክሰስ ትልቅ ጥፋት ነው። በልጅነት ጉሮሮ ሕመም ተጀምሮ ሚትራል የተባለውን የልብ በር (ቫልቭ) ያጠበበው ሪውማቲክ በሽታ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። በጠበበ ቫልቭ ላይ ምቱ ሲፈጥን ደም ከሳንባ ለመውረድ ጊዜ ያጣል፣ ሳንባም ውኃ ይቋጥራል። አንገት ላይ እንቅርት ካለ የታይሮይድ ምርመራም ይታዘዛል። ቫልቩ ከጠበበ ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው፤ አዳዲሶቹ ኪኒኖች አይተኩትም። ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ወይም መነሻው የማይታወቅ ከሆነም፣ ሕይወት አደጋ ላይ ካልሆነ በቀር፣ 3 ሳምንት ደም ሳይቀጥን ወደ ጤነኛው ምት መመለስ የረጋ ደምን ወደ ጭንቅላት መላክ ሊሆን ይችላል።

ግፊቱ ከወደቀ ወይም ራሱን ከሳተ ግን ኤሌክትሪክ አይዘገይም፦ ለኤስቪቲ ከ50 እስከ 100፣ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ቢያንስ 200 ጁል። ኤሌክትሪኩን ከልብ ምት ጋር የሚያገጣጥመው «ሲንክ» የሚለው ቁልፍ ከእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ንዝረት በኋላ በብዙ ማሽኖች ላይ ራሱን ስለሚያጠፋ እንደገና ይጫናል። ይህን የረሳ እጅ ልብን ሙሉ በሙሉ ወደሚያቆም መንቀጥቀጥ ሊወስደው ይችላል።

ታማሚው ሲጮህና ሲጠራጠር ሃሎፔሪዶል መውጋት የተለመደ ነው። ኪውቲውን፣ ማለትም ልብ በየምቱ ኤሌክትሪኩን አፍስሶ እንደገና ለመዘጋጀት የሚወስደውን ጊዜ፣ ኢሲጂው ላይ ሳይለኩ መስጠት ግን አደገኛ ነው። ለወባ ክሎሮኪን ወስዶ ከነበረ፣ ወይም አንድ ሰው አዚትሮማይሲን ገዝቶለት ከነበረ ተደምሮ ይረዝማል። ከ500 ሚሊሰከንድ ካለፈ ሃሎፔሪዶሉን ትቼ ዳያዚፓም ላይ እቆያለሁ፤ ፖታሲየሙን እተካለሁ። ኢሲጂው ላይ ምቱ እንደ ሪባን መጠማዘዝ ከጀመረ ማግኒዥየም 2 ግራም ይሰጣል፤ ልቡ ካቆመ የኤሌክትሪክ ንዝረቱ ይቀድማል።

ሲወጣ ለኢኮ (ለልብ አልትራሳውንድ) ቀጠሮ ይያዝለታል። ራሱን ከሳተ ወይም ደረቱን ካመመው በዚያው ሌሊት እንዲመለስ ይነገረዋል። ጫት ሲያቆም ሀራራውና ዱካኩ፣ የቀን ድካሙና የሌሊት ቅዠቱ ለጥቂት ቀናት እንደሚመጣም አብሮ ይነገረው። አስቀድሞ ያልሰማ ሰው ያንን ድካም የልብ በሽታ ይመስለውና እሱን ለማባረር ተመልሶ ይቅማል።