የድንበሩ መብራት

ጌታ ይባረክ ወገኖች። ይህን ምስክርነት ለመጻፍ ሦስት ሳምንት አመነታሁ። ከበሽታ ተፈወስኩ ወይም ከአደጋ ተረፍኩ የሚል አይደለም፤ ጌታ የለመንኩትን ከልክሎኝ እንዴት እንደባረከኝ ነው የምነግራችሁ፣ ይሄ ደግሞ ለመናገር ትንሽ ያሳፍራል።

የአካባቢያችን ምክር ቤት ሰብሳቢ ነኝ። ትልቅ ሥልጣን እንዳይመስላችሁ። ከጠዋት እስከ ማታ የምንሰማው ቆሻሻው አልተነሳም፣ መንገዱ ተቆፍሮ ቀረ፣ የሜዳው አጥር ወደቀ ነው። ሰው ደስ ሲለው አይደውልም፤ ሲናደድ ግን ስልኬን በቃሉ ያውቀዋል።

ምክር ቤቱ ለክረምት እረፍት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደብዳቤ መጣ። ከጎረቤታችን ምክር ቤት ጋር ልንዋሃድ ነው። አንድ በጀት፣ አንድ ምክር ቤት፣ አንድ ሰብሳቢ። እነሱ በሕዝብ ብዛት ይበልጡናል፣ ስለዚህ ያ አንድ ሰብሳቢ እኔ እንደማልሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በስብሰባው ላይ ተነስቼ ጥሩ ንግግር አደረግሁ። ሁለት ምክር ቤት ሲዋሃድ የሚቀላቀለው ንብረት ብቻ አይደለም፣ እዳም ይቀላቀላል፤ እኛ ቆጥበን ያኖርነው ጥሪት የእነሱን ብድር ሊከፍል ይችላል አልኩ። የአገልግሎት ክፍያው የተለያየ ነው፣ አንድ ይሁን ሲባል ወይ በአንዱ ወገን ላይ ይጨመራል ወይ የሌላው ይቀንስና በጀቱ ይጎድላል። ተመራጩ ሲቀንስ ደግሞ አንዱ የሚወክለው ሰው ይበዛል፣ ነዋሪው አቤት የሚልበት በር ይርቃል። ይሄ ሁሉ እውነት ነው፣ ዛሬም አምንበታለሁ። ብቻ ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ አልነበረም። ወንበሬ ነው።

ጾምኩ፣ ጸለይኩ፣ «ጌታ ሆይ ይህን ነገር አስቀርልኝ» አልኩ። የጸሎት ጓደኞቼንም ስለ ሕዝቡ ጸልዩ አልኳቸው። ስለ ሕዝቡ! ጌታ ይቅር ይበለኝ። የጎረቤቱ ሰብሳቢ በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ደወለ፣ አላነሳሁለትም።

ከጓደኞቼ አንዱ ነህምያን አንብብ አለኝ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፣ ነህምያ የመራው የፈረሰው የኢየሩሳሌም ቅጥር ሥራ በ52 ቀን ማለቁን ማን የማያውቅ አለ። በዚህ ክረምት ግን ያቆመኝ ሁልጊዜ ዘልዬው የማልፈው ምዕራፍ 3 ሆነ። እንደ ቃለ ጉባኤ ነው፣ ስም በስም ላይ፤ እገሌ ይህን በር ሠራ፣ በአጠገቡ እገሌ አደሰ። ወርቅ አንጥረኛ አለበት፣ ሽቶ ቀማሚ አለበት፣ የሰሎም ሴቶች ልጆች ሳይቀሩ አሉበት። ቁጥር 5 ላይ ስደርስ የቴቁሔ ሰዎች ሲሠሩ ታላላቆቻቸው ግን ለሥራው አንገታቸውን ዝቅ አላደረጉም ይላል። መጽሐፉን ዘጋሁት። የማን ስም እንደተጻፈ ገባኝ ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ነህምያ መጀመሪያ ያደረገው ደግሞ ስብሰባ መጥራት አልነበረም። በሌሊት ጥቂት ሰዎች ይዞ ለማንም ሳይናገር የፈረሰውን ዞሮ አየ። እኔም እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ብቻ አንድ ምሽት ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። በመኪና ሳልፈው የኖርኩትን ሰፈር በእግሬ ስዞረው ሌላ ቦታ መሰለኝ። እየሄድኩ ድንበሩ ጋ ደረስኩ፣ የእኛ አካባቢ አልቆ የእነሱ የሚጀምርበት መንገድ ማለቴ ነው። ጨለማ ነው። የመብራቱ ምሰሶ ቆሟል፣ አይበራም።

አንዲት እናት በስልካቸው ብርሃን እግራቸው ስር እያዩ ሲመጡ አገኘኋቸው። ክንዳቸውን ይዤ እስከ ደጃቸው አደረስኳቸው። «እማማ፣ መብራቱ ከጠፋ ቆየ እንዴ?» አልኳቸው። «አምስት ዓመት ሞላው ልጄ» አሉኝ። እዚህ ሲያመለክቱ ምሰሶው የእነሱ ነው ይሏቸዋል፣ እዚያ ሲሄዱ የእነዚያ ነው ይሏቸዋል። እዚህ የተባለው የእኔ ቢሮ ነው። ደብዳቤያቸው ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ «አይመለከተንም» የሚል ማህተም አርፎበት ሄዷል፣ በኋላ ፈልጌ አገኘሁት፣ ፊርማው የኔ ነው።

ማን መሆኔን አላወቁም። በር ላይ ቆመው እንዲህ አሉኝ፦ «እኔስ ሰልችቶኝ ጌታ ሆይ ይህን ድንበር አንሳልኝ ማለት ከጀመርኩ ቆየሁ። አሁን ሁለቱ አንድ ሊሆኑ ነው አሉ። ሰማኝ!»

እዚያው ደረቅሁ። አስቀርልኝ እያልኩ የጾምኩበት ነገር የእኚህ ሴት የጸሎት መልስ ነው። ቤት እስክደርስ አለቀስኩ፣ ከዚያ በራሴ ሳቅ መጣብኝ፣ ሚስቴ ምን ሆነ ብላ ደነገጠች። በዚያች ሌሊት ግን ከስንት ጊዜ በኋላ እስኪነጋ ተኛሁ። ነፃ መውጣት የምለው ይሄን ነው፣ ከወንበር ፍርሃት። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

በማግስቱ ለጎረቤቱ ሰብሳቢ ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅሁት። ለካ እሱም እንቅልፍ አጥቶ ከርሟል። የርክክብ ኮሚቴ በጋራ አቋቋምን። አንዱ ጭንቀቴ ሠራተኞቹ ነበሩ፤ ጽዳት ላይ፣ መዝገብ ቤት ያሉት፣ ዕድሜያቸውን እዚህ የጨረሱት። በሽግግሩ ጊዜ ማንም ከሥራው እንዳይፈናቀል የሚል አንቀጽ ስምምነቱ ውስጥ ገባ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ። ድምፀ ተዓቅቦ እንኳን አልነበረም፣ በምክር ቤት ለቆየ ሰው ይሄ ራሱ ተአምር ነው። የእዳው ጉዳይ አሁንም ያሳስበኛል፣ እሱን ስንጨቃጨቅበት እንከርማለን። ለአዲሱ ወንበር ልወዳደር አልወዳደር ገና አልወሰንኩም፣ ጸልዩልኝ።

ምሰሶው የርክክቡ የመጀመሪያ ተራ ቁጥር ሆነ። ያንተ ነው፣ ያንተ ነው የሚባልበት ጊዜ ስላለፈ በ11 ቀን ውስጥ በራ። ማታ ሄጄ እማማን በራቸው ላይ አገኘኋቸው፣ ማን መሆኔንም፣ ምን ብዬ ስጸልይ እንደከረምኩም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁብኝ።

«አንተ ነህ እንዴ ስትታገለኝ የከረምከው!» አሉኝ።