እጅ ማውጣት ያቆመው ክፍል

በአንድ ዩኒቨርሲቲ፣ የአንደኛ ዓመት የካልኩለስ ክፍል ነው። ወጣቱ መምህር የሳይን 3 ኤክስ ስኩዌርን ደሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን) በቼይን ሩል፣ ማለትም የውጭውን ደሪቬቲቭ በውስጡ ደሪቬቲቭ በሚያባዛው ሕግ፣ ሠርቶ ሲጨርስ አንድ ተማሪ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ 6 ኤክሷ ከየት መጣች?» አለ። መምህሩ፣ «ይሄን ሳታውቅ ማን እዚህ አስገባህ?» ሲል መለሰለት። ክፍሉ ሳቀ።

ከዚያ ቀን ወዲህ እጅ የሚያወጣ ጠፋ። «ገብቷችኋል?» ሲባል ሁሉም ዝም ይላል፤ መምህሩም ገባቸው ብሎ ያልፋል። ከባዱ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። ቼይን ሩል ያልገባው ተማሪ በዚሁ ሕግ ላይ የሚመሠረቱት ቀጣይ ርዕሶች ይከብዱታል፤ ኢምፕሊሲት ዲፈረንሲዬሽን ሲመጣ ይደናገራል፣ በሰብስቲቲዩሽን የሚሠራ ኢንተግራል ላይም ይቆማል። ያልተመለሰችው ጥያቄ ሴሚስተሩን ሙሉ ትከተለዋለች።

በዚሁ ርዕስ ላይ የተሰጠው ኩዊዝ ወረቀት ለተማሪዎቹ አልተመለሰም፤ ውጤቱ ብቻ በመታወቂያ ቁጥር ተለጠፈ። ከ10 3 ያገኘ ልጅ የት እንደሳተ በምን ይወቅ? ሚድ (የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና) ላይ ያው ስህተት ተደገመ፦ ሳይንን ወደ ኮሳይን ቀየሩ፣ የውስጡን ደሪቬቲቭ ሳያባዙ ተዉት። መምህሩ «ሰነፎች ናቸው» አለ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ግን ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው አዩ። ያላጠና ተማሪ ስህተቱ ብዙ ዓይነት ነው፤ እነዚህ ግን ሁሉም የወደቁት አንድ ቦታ ላይ ነበር።

ስለዚህ የታረመ ወረቀት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለተማሪው እንዲመለስ ተወሰነ። ባለ 5 ነጥቡ የቼይን ሩል ጥያቄ ለውጭው ደሪቬቲቭ 3፣ ለውስጡ 2 ተብሎ ተከፍሎ ይታረማል፤ 3 ያገኘ የጎደለውን ከነጥቡ ያውቃል። በክፍለ ጊዜው የመጨረሻ 5 ደቂቃ ደግሞ ሁሉም ያልገባውን ነገር ስም ሳይጽፍ በብጣሽ ወረቀት ይሰጣል። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ብዙ በተደጋገመው ጥያቄ ይጀምራል።

መምህሩ ለማካካስ የአሳይንመንት ነጥብ ልጨምር ብሎ ነበር። ኃላፊው ከለከሉት፤ ልክ ነበሩ። ባልተማሩት ነገር ነጥብ መስጠት ክፍተቱን ሸፍኖ ወደሚቀጥለው ኮርስ ማሻገር ነው።

ተማሪውን ቢሮ ጠርቶ ይቅርታ ለመጠየቅም አስቦ ነበር። «ስድቡን የሰማው ክፍሉ ነው፣ ይቅርታውንም ክፍሉ ይስማ» አሉት ኃላፊው። በማግስቱ በሁሉም ፊት ይቅርታ ጠየቀ፤ 6 ኤክስ የ3 ኤክስ ስኩዌር ደሪቬቲቭ መሆኗንም ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዳንዶቹ ብጣሽ ወረቀቶች ስም ተጽፎባቸው መምጣት ጀመሩ።