በፈንታሌ ግርጌ ራስን ፎቶ ማንሳት

ከአዳማ በጅቡቲ መንገድ ወደ ምሥራቅ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ሰው፣ ከ1,600 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወርዶ 950 ሜትር ግድም ላይ የተዘረጋው የመተሐራ ቆላ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። መተሐራ ከመድረሱ በፊት አስፋልቱ የሚያልፈው በበሰቃ ሐይቅ በኩል ነው። ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ እንዳልነበር፣ ዛሬ ከ40 በላይ ሸፍኖ መንገዱንም የባቡር ሐዲዱንም ሲያስቸግር ኖሯል። ከዚያ ባሻገር 2,007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራ ይታያል፤ ከግርጌው እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ ፈስሶ የረጋው ቅልጥ ዐለት፣ ትናንት የፈሰሰ እስኪመስል ድረስ ጥቁር እንደ ሆነ ተዘርግቷል።

በኅዳር ወር ወደዚያ የወረድኩት በዚህ ጥቁር ሜዳ ላይ እየተጓዝኩ ራሴን በራሴ ፎቶ ለማንሳት ነው። አዳማ ባለው ፎቶ ቤት ውዬ የማመሸው ሌላውን ሰው ሳነሳ ስለሆነ፣ እኔ ያለሁበት ፎቶ ከጉርድ ፎቶ በስተቀር እምብዛም የለኝም። መተሐራ አድሬ ማለዳ ስነሳ አካባቢውን የሚያውቅ አንድ የከረዩ ወጣት አብሮኝ ወጣ። በ2017 ዓ.ም. አካባቢውን ሲያናውጥ ከሰነበተው የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ መሬቱ የተሰነጠቀባቸው ቦታዎች ስላሉ፣ ያለ መሪ መሄድ የሚመከር አይደለም።

ራስን ማንሳት በከተማ ቀላል የሚመስለው ታይመር ስላለ ነው። ካሜራው የሚሰጠው 10 ሴኮንድ ለደልዳላ መሬት ይበቃል፤ ቅልጥ ዐለት ላይ ግን እግር የሚያርፍበት ሁሉ ሹልና ተንሸራታች ስለሆነ፣ በ10 ሴኮንድ ሮጦ ሃያ እርምጃ ርቆ መቆም ጉልበትን ለመላጥ ካልሆነ አይሞከርም። ስልክን በዋይፋይ እንደ ሪሞት መጠቀምም የሚያዛልቅ አልሆነም፤ ረፋዱ ላይ ስልኩ በሙቀቱ ምክንያት ማስጠንቀቂያ አሳይቶ ጠፋ። የሚያዋጣው ካሜራው በየ5 ሴኮንዱ ራሱ እንዲያነሳ አስተካክሎ፣ እየተጠነቀቁ ሄዶ ቦታን መያዝ ነው። ሜሞሪው በማይረባ ፎቶ ይሞላል፤ ይሙላ።

መሪዬ ይህን ሁሉ ውጣ ውረድ ሲመለከት ቆይቶ፣ “እህቴ፣ ይህን ያህል ከምትለፊ ለምን ቁልፉን እኔ አልጫንልሽም?” አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚያደርገውም ይህንኑ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ከካሜራው በስተጀርባ ሲቆም ፊት ወዲያው ለዚያ ሰው ይሰናዳል፤ እኔም ደንበኞቼን “ዘና በሉ” ስል የምውለው በዚሁ ምክንያት ነው። ማንም ሳያየኝ ስራመድ ትከሻዬ ምን እንደሚመስል ማየት ፈልጌ ነበር።

ስለዚህ ሌላ ሥራ ሰጠሁት። ቁመታችን ተቀራራቢ በመሆኑ እኔ የምቆምበት ቦታ ላይ አቁሜው ፎከሱን በእርሱ ላይ አስተካከልኩና ካሜራው በራሱ እንዳይቀይረው ወደ ማኑዋል መልሼ ቆለፍኩት፤ የጫማው ጫፍ ባረፈበትም ነጣ ያለ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ይህ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ረዘም ላለው ሌንስ ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ ሆኖ ፎከሱ 3 ሜትር ላይ ቢደረግ፣ ከ1 ሜትር ተኩል አንስቶ እስከ ተራራው ጫፍ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል።

ከፎከሱ ይልቅ ያስቸገረኝ ብርሃኑ ነው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይቀናዋል። ጥቁሩን ዐለት ሲያይ የጨለመ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ በዚህም የለበስኩት ነጠላ ጥለቱ እስኪጠፋ ድረስ ነጥቶ ይቀራል። በሰቃ ዳር፣ ጨው ያነጣው ጠርዝ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ብርሃኑን ይቀንስና ፊቴን ያጠቁረዋል። ስክሪኑ በፀሐይ ስለማይታይ ነጠላውን ራሴ ላይና ካሜራው ላይ ደርቤ፣ ከውስጥ ሆኜ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የፎቶውን ጨለማና ብርሃን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ማየት ነበረብኝ። በስተመጨረሻ ብርሃኑን ካሜራው በራሱ እንዲወስን ማድረጉን ትቼ በመሪዬ ፊት ላይ ያረፈውን ብርሃን ለካሁና፣ ደመና እስኪመጣ ድረስ ቁጥሮቹን አልነካኋቸውም።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ትራይፖዱን እግሮቹን ሳላስረዝም ዝቅ አድርጌ፣ አንዱን እግር ዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ ሸጎጥኩ፤ ከመካከሉም ውሃ የሞላ ሃይላንድ በገመድ አንጠለጠልኩበት። ጠርሙሱ በነፋሱ እየተወዛወዘ ካሜራውን እንዳያንቀጠቅጥ ደግሞ ታቹ መሬት እስኪነካ ገመዱን ማስረዘም ያስፈልጋል። አቧራው የደቀቀ በመሆኑ ሜዳው ላይ ሌንስ መቀየር አይታሰብም፤ ሁለት ሌንስ ተሸክሞ በአንዱ ብቻ መሥራት የግድ ነው።

በዚህ አካባቢ ፀሐይ ወደ ማታ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ፣ ለፎቶ የሚመኙት ቢጫ ብርሃን ከ11 ሰዓት ተኩል ወዲህ መጥቶ ቶሎ ያልፋል። ቦታውን፣ ፎከሱንና የካሜራውን ቁመት ቀድሜ በቀትሩ ፀሐይ ስላዘጋጀሁ፣ ያን ጊዜ የቀረኝ መራመድ ብቻ ነበር። ካሜራው እየቆጠረ ሳለ ግመሎች ከበስተኋላዬ አለፉ፤ እኔ አላየኋቸውም፣ ፎቶው ላይ ግን አሉ። እረኛው ከሩቅ ስለነበር ፊቱ አይለይም፤ ቢለይ ኖሮ ፈቃዱን ሳልጠይቅ አላስቀረውም ነበር።

አዳማ ተመልሼ ስመርጥ፣ ፊቴ ጎልቶ የወጣባቸውን አብዛኞቹን አጠፋሁ። በጥላ የተሸበሸበና በላብ ያብለጨለጨ ፊት ፎቶ ቤት ውስጥ በተሻለ ብርሃን ሊነሳ ይችላል። ያስቀረሁት ሰውነቴ ከዐለቱ ጋር ሲነጻጸር የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆኖ የሚታይባቸውን ነው፤ ትልቅ አድርጌ የማሳትመውም ግመሎቹ ያሉበትን ነው።