ከ«ራስላስ» ወደ ግሽ ዓባይ

ለረጅም ዘመን ለእኔ ንባብ ማለት ልብ ወለድ ነበር፤ ጎጃምንም ቢሆን ከማየቴ በፊት ያወቅሁት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ወደ ጉዞ ታሪክ የመራኝም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት የሳሙኤል ጆንሰን ልብ ወለድ፣ «ራስላስ» ነው። ጆንሰን ኢትዮጵያን በዓይኑ አላየም፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በአገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊ ጀስዊት (የካቶሊክ ሚስዮናዊ) ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነበር። «ራስላስ» የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1759 ነው። የምወደው ልብ ወለድ ከአንድ መንገደኛ ምስክርነት ጋር እንዲህ የተቆራኘ መሆኑን ስረዳ ሎቦን ፈልጌ አነበብሁ፤ ከሎቦም የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ወደ አገራችን ወደ መጣው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ተሻገርሁ። ብሩስን ካነበብሁ በኋላ ግን ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም፤ መጽሐፉን ይዤ የዓባይ ምንጭ ወዳለባት ወደ ጎጃሟ ሰከላ ተነሣሁ።

ከባሕር ዳር በዳንግላና በእንጅባራ አልፈን፣ ቲሊሊ ላይ ከዋናው መንገድ ታጥፈን ግሽ ዓባይ ከተማ ደረስን። ከምንጩ አጥር አጠገብ አንድ አረጋዊ ካህን «ልጄ፣ ጫማህን እዚህ አውልቅ» አሉኝ። እያወለቅሁ ሳለ የብሩስ ገጽ በአእምሮዬ ተገለጠ፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1770 የአካባቢው ሰዎች ጫማውን እንዲያወልቅ አዝዘውት፣ በባዶ እግሩ ቁልቁለቱን ወደ ምንጩ ሮጧል። በእርሱ ዘመን ሰዎቹ ለምንጩ ያመልኩ እንደ ነበር ጽፏል፤ ዛሬ ግን ስፍራው የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጠበል ነው፤ ምእመናን እየጾሙ ይመጡበታል፤ ጠበሉንም በቢጫ ጀሪካን እየቀዱ ይወስዳሉ። ካህኑ ጻድቁ ለዓባይ በአደራ የሰጧቸውን መጻሕፍት ወንዙ ሳያርስ እንደ መለሰላቸው ሲተርኩልኝ፣ ከብሩስ መጽሐፍ ያላገኘሁትን ከስፍራው አገኘሁ።

ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ ግን ብሩስ ከምንጩ ከደረሰ በኋላ የጻፈው ነው። በመጀመሪያ ውኃውን ቀድቶ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። አንድ የልብ ወለድ ደራሲ ምናልባት ታሪኩን እዚህ ላይ ይዘጋው ነበር። ብሩስ ግን ይቀጥላል፤ ደስታው ወዲያው ወደ ትካዜ እንደ ተለወጠ፣ የመጣበት መንገድ መከራ ገና በመመለሻውም እንደሚጠብቀው እያሰበ እንደ ተጨነቀ ይናገራል። ያንን ገጽ እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጬ ደግሜ አነበብሁት። በምናብ ከተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ይልቅ፣ በዚህ ረግረግ ዳር በእውነት ቆሞ የነበረ ሰው ኀዘን በጥልቀት ተሰማኝ፤ ማንም ያላቀደው ኀዘን ነውና።

ምስክር ደግሞ ይመረመራል። አብሮት የነበረው ጣሊያናዊው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ በ1771 ጎንደር ላይ አርፎ ሳለ፣ ብሩስ ቀደም ብሎ እንደ ሞተ አድርጎ ከግሽ ጉዞ አውጥቶታል። ይህን ማወቄ መጽሐፉን አላስጠላኝም፤ እንዲያውም እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር «ማን ነበር? ማን አየ?» እያልሁ እንድከተለው አነቃኝ። ልብ ወለድ ሳነብ ለደራሲው ራሴን አሳልፌ እሰጣለሁ፤ ከብሩስ ጋር ግን እየተሟገትሁ አብሬው እጓዛለሁ። ይህ ለእኔ አዲስ ደስታ ነው።

ከእርሱ በፊት ምንጩን ማየቱን ብሩስ አጥብቆ የካደበት ሌላም ሰው አለ፤ ስፔናዊው ጀስዊት ፔድሮ ፓኤዝ። ፓኤዝ በ1618 ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ወደዚህ ምንጭ መጥቶ፣ ቂሮስና ካምቢስስ፣ ታላቁ እስክንድርና ዩልየስ ቄሳር ሊያዩት የተመኙትን በማየቱ ደስ እንዳለው ጽፏል። በዚህ ክርክር እኔ የምፈርደው ለፓኤዝ ነው። አሁን የእርሱን መጽሐፍ ጀምሬአለሁ፤ የሚቀጥለው መንገዴም በ1622 ወዳረፈባት፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ወዳለችው ጎርጎራ ነው።