ላይኛው ግማሽ የከርነሉ ነው

ሰሞኑን ማታ ማታ የምነካካት ትንሽዬ ከርነል (ሃርድዌሩን የሚያዝዘው የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) አለችኝ፣ ለማንም የማትሆን ለራሴ መማሪያ ብቻ። አሁን የደረስኩት ቨርቹዋል ሜሞሪው (ፕሮግራሞች ከእውነተኛው የራም አድራሻ ይልቅ የሚያዩት የአድራሻ ቦታ) ጋ ነው፣ የቱን አድራሻ ለምን እንደምሰጥ መወሰን ማለት ነው፣ እና ለፕሮግራሞች ተራ ከሚሰጠው ስኬጁለርም ሃርድዌሩን ከሚያናግረው ድራይቨርም በላይ ይሄን ወድጄዋለሁ።

በ64 ቢቱ የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ፣ ፔጅ ቴብሉ (የቱ አድራሻ ራም ላይ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳየው ሰንጠረዥ) ባለ 4 ደረጃ ከሆነ፣ አድራሻው 48 ቢት ነው፣ በጠቅላላ 256 ቴራባይት። ታችኛው 128 ለፕሮግራሞች፣ ላይኛው 128 ለከርነሉ፣ በሁለቱ መሀል ያለው፣ በ64 ቢት የሚጻፍ ግን 48 ቢቱ የማይደርስበት፣ ማንም የማይረግጠው ነው፣ እዛ ያለ አድራሻ ከነካህ ፕሮሰሰሩ ራሱ ይጮህብሃል። ባለፈው ጅማ ሂርማታ ቡና እየጠጣን ይሄን ለጓደኛዬ ሳወራላት "አንቺ፣ ባለ 4 ጊጋ ላፕቶፕ ይዘሽ 128 ቴራ ከየት አባሽ ልታመጪ ነው?" ብላ ሳቀችብኝ። አድራሻ ግን ራም አይደለም እኮ፣ መሬት በፕላን ላይ መሸንሸን እንጂ ቤት መስራት አይደለም። ራም የሚበላው እያንዳንዱን ፔጅ፣ ማለትም የ4096 ባይት ቁራጭ፣ ከራም ጋር የምር ስታያይዘው ነው፣ ያው ፔጅ ቴብሉም ትንሽ ትንሽ ይቀምሳል።

ራስ ምታቱ ሌላ ነው። ፔጂንግ (በፔጅ ቴብል መስራት) አንዴ ከበራ ከርነሉም ቢሆን ፊዚካል አድራሻን (የራሙን እውነተኛ አድራሻ) በቀጥታ መንካት አይችልም፣ ሁሉን የሚያየው በፔጅ ቴብል በኩል ነው፣ ፔጅ ቴብሉ ደሞ ራሱ ራም ላይ የተቀመጠ ነገር ነው፣ ስለዚህ አዲስ ፔጅ ለማያያዝ ቴብሉ ላይ መጻፍ አለብህ፣ ለመጻፍ ደሞ ቴብሉ ቀድሞ መያያዝ አለበት፣ ዞሮ ዞሮ እዛው። አንዱ መላ ከላይኛው ቴብል 512 መስመሮች አንዷን ወደ ራሱ ወደ ቴብሉ ማዞር ነው፣ ብልጥ ዘዴ ናት፣ ግን የምታሳይህ አሁን ስራ ላይ ያለውን ቴብል ብቻ ነው፣ የሌላ ፕሮሰስ (በስራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ቴብል ለመንካት ሌላ ጣጣ። እኔ የሊኑክስን መንገድ መርጫለሁ፣ ራሙን በሙሉ ላይኛው ግማሽ ውስጥ በተርታ መለጠፍ፣ ከዛ ፊዚካል አድራሻው ላይ አንድ ቋሚ ቁጥር መደመር ነው በቃ። ሊኑክስ ለዚህ ብቻ 64 ቴራባይት አድራሻ ይመድባል። በ32 ቢት ዘመን ይሄ ቅንጦት ነበር፣ ለከርነሉ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ 1 ጊጋባይት ስለነበር በቀጥታ የሚለጠፈው 896 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ የቀረው ራም በተፈለገ ቁጥር ለጊዜው እየተያያዘ እየተነቀለ።

በነጻ ግን አይደለም። ራሙ ሁሉ እዛ ካለ የማንኛውም ፕሮግራም ዳታ በከርነሉ በኩል ሁለተኛ አድራሻ አለው ማለት ነው፣ በ2018 ሜልትዳውን የተባለው የፕሮሰሰር ክፍተት ይፋ ሲሆን ያን ያህል ያስደነገጠውም ለዚህ ነው፣ ተራ ፕሮግራም በዛ በኩል ሾልኮ የማሽኑን ራም ማንበብ ይችል ነበር። መፍትሄው ፕሮግራሙ በሚሰራበት ሰዓት አብዛኛውን የከርነል ክፍል ከቴብሉ ማውጣት ሆነ፣ ትንሽ ፍጥነት ተከፍሎበት።

ደሞ ከየከርነል ስታኩ (ከርነሉ ጊዜያዊ ዳታውን የሚደረድርበት ቦታ) ስር አንድ ያልተያያዘ ፔጅ ትቻለሁ። ስታክ ቁልቁል ስለሚያድግ ሲሞላ የጎረቤቱን ዳታ ዝም ብሎ ከሚያበላሽ እዛ ይጋጭ። ችግሩ ፔጅ ፎልቱም (ያልተያያዘ ፔጅ ሲነካ ፕሮሰሰሩ የሚያነሳው ስህተት) ራሱ በሞላው ስታክ ላይ ሊጽፍ ይሞክራል፣ ስለዚህ ለደብል ፎልት (አንዱን ስህተት ሊያስተናግድ ሲል ለሚነሳው ሌላ ስህተት) የብቻው ስታክ ካልተዘጋጀ ማሽኑ ምንም ሳይናገር ሪስታርት ያደርጋል። ማታ መብራት ካለ እሱን ነው የምጽፈው፣ በዚህ ዝናብ የጅማ መብራት ግን እንጃ።