ጌሾ፣ ጫትና ቶምቦላ በጣና ላይ

ባሕር ዳር የሄድኩት በ2014 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቤቲንግ ቤቶች በሚታሸጉበት ሰሞን። ወደ ጀልባው የወሰደኝ ባለባጃጅ ከመሪው ጎን የሸጎጣትን ትኬት አሳየኝ። ከስድስት ጨዋታ አምስቱን አግኝቷል። «አንዷ በላችኝ!»

«እዚህም ቢዘጉትስ?»

«ይዝጉት ወንድሜ፣ እገላገላለሁ» አለና መንገዱን እያየ ቆየ። «ግን ቶምቦላውን ለምን አይዘጉትም?»

መልስ አጣሁ። ያኔ ለቤቲንጉም ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ያው ሎተሪ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነበር።

ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያስጎበኘኝ ልጅ የአቡነ በትረ ማርያምን ነገር አጫወተኝ፦ የጻድቁ በትር ሦስት ቦታ ተሰብሮ ቡና፣ ሎሚና ጌሾ ሆኖ በቀለ ይላሉ። ሞፈር የማይገባበት ያ ሁሉ ጫካ ታዲያ ዛሬም የሚኖረው በቡናውና በጌሾው ነው።

ስመለስ አንዲት እናት ሁለት እስር ጌሾ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ። ፊት ለፊታችን አንድ ጎልማሳ ከፌስታል ጫት እያወጣ ይቀነጥባል።

«መንግሥት ምነው ይኼን ቅጠል ባጠፋልን» አሉ፣ እሱ እንዲሰማ ጮክ ብለው።

«እማማ፣ የዘንዘልማ ገበሬ ምን ይብላ?» አላቸው ሳይቆጣ። «ጤፉን ነቅሎ የተከለው እኮ ስላዋጣው ነው።»

ሕጉም ከሰውየው ጋር ነው። ሐሺሽ ያሳስራል፤ ጫት ግን ይቀረጣል፣ ዶላር ያመጣል። እንግሊዝ በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስትከለክለው እኛ ዘንድ የተደናገጠው ላኪው ነበር። እኔ ራሴ ጫት አልወድም፤ የቃሚ ወንድም ያለው ሰው ያውቀዋል። ይከልከል ለማለት ግን አፌ አይደፍርም፤ ድራፍቴን አልተውኩማ።

«ጠላስ እማማ?» አልኳቸው ጌሾውን እያየሁ።

«ጠላማ ምግብ ነው ልጄ!» ጎልማሳው ሳቁ አመለጠው። እሳቸውም ሳቁ።

ባሕር ዳር ልንደርስ ስንል የጀልባውን ሒሳብ ሊከፍሉ መቀነታቸውን ፈቱ። ከብሮቹ ጋር ተጣጥፋ የቆየች የሎተሪ ትኬት ወጣች። ዘርግተው ሰጡኝ።

«ዓይኔ አያነብልኝም፣ መቼ ነው የሚወጣው?»

ቀኑን ነገርኳቸው። አራት ቀን ይቀረዋል። መልሰው ቋጠሯትና ጌሾውን እንዳሸክማቸው ጀርባቸውን ሰጡኝ።