95ኛው አኃዝ

የፓይን (የክብ ዙሪያ በመሃል በሚያልፈው ወርዱ ሲካፈል የሚገኘው 3.14159… ቁጥር) ከነጥቡ በኋላ ያሉትን 1,000 አኃዞች በቃሌ ለመያዝ ስነሳ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ማነብነብ ጀመርኩ። 60 አካባቢ ስደርስ ሁሉም ተምታታብኝ። ህንዳዊው ራጅቪር ሚና በ2015 እ.ኤ.አ. ዓይኑን በጨርቅ ታስሮ፣ ወደ 10 ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ 70,000 አኃዝ በቃሉ ወጥቷል። በማነብነብ እዚያ እንደማይደረስ ገባኝ።

ስለዚህ ቁጥሩን ወደ ቃል ለወጥኩት። አማርኛ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ የቃሉ አጥንት ተነባቢው ነውና። ከየቁጥሩ ስም አንድ ድምፅ ወሰድኩ፦ ከአንድ ደ፣ ከሁለት ለ፣ ከሦስት ሰ፣ ከአራት ረ፣ ከአምስት መ፣ ከሰባት በ፣ ከስምንት ነ፣ ከዘጠኝ ጠ፣ ከዜሮ ዘ። ለስድስት የሚሆን ስላልተረፈ ከ ሰጠሁት። አኃዞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጌ እይዛለሁ፤ አናባቢ አይቆጠርም። 14 «ዳር»ም «ዱር»ም ይሆናል፤ ዱርን መረጥኩ፤ ዳርን በዓይነ ሕሊና መሳል ይከብዳል። 14፣ 15፣ 92፦ ዱር ውስጥ፣ ደም የነካው ጥላ። አንዴ ካየሁት በኋላ አልጠፋኝም።

ከባዱ ስህተት የመጣው ከመገልበጥ ነው። ከ91ኛው ጀምሮ ያሉት 3421170679 ናቸው፤ እኔ ደብተሬ ላይ ስጽፍ አንዷን 1 ዘለልኩ። ትክክለኛው ሥዕል ሳር ላይ የቆመች ላዳ፣ ውስጧ ዳቦ ነው። 17 ወደ 70 ስለተለወጠብኝ ግን ዳቦው ቀርቶ «ቤዛ» የምትባል ሴት ላዳዋ ውስጥ ተቀመጠች። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አጠናሁ፤ ከ95ኛው በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ተንሸራቷል። ያወቅኩት ራሴ ለማስላት ስሞክር ነው። ጆን ማሺን በ1706 እ.ኤ.አ. ያገኘውን የፓይ ማስሊያ ቀመር፣ ማለትም የ1/5 አርክታንጀንት 16 ጊዜ ሲቀነስ የ1/239 አርክታንጀንት 4 ጊዜ፣ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ቋንቋ ጻፍኩና ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት። ደነገጥኩ። ዊልያም ሻንክስ በዚሁ ቀመር በእጁ አስልቶ በ1873 እ.ኤ.አ. እስከ 707 አኃዝ አሳትሞ ነበር፤ 528ኛው ላይ መሳሳቱ የታወቀው በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ዓመታት የፈጀበት ድካም! አሁን ከማጥናቴ በፊት ሁለት ጊዜ አመሳክራለሁ። የተሳሳተ ሥዕል ማስወጣት አዲስ ከማስገባት ይብሳል፤ ቤዛን ከላዳዋ ለማውረድ አሥር ቀን ፈጅቶብኛል።

ሌላው የተንገላታሁበት ቦታ 762ኛው ላይ የሚጀምሩት ስድስት ተከታታይ 9ኞች ናቸው። ጥንድ ጥንድ አድርጌ ስለምይዝ የመጀመሪያውና የመጨረሻው 9 ከጎረቤት አኃዝ ጋር ይጣመራሉ፣ በመሃል 99 ሁለት ጊዜ ይደገማል፤ 99 ደግሞ «ጥጥ» ነው። አንድ ጥጥ ነበር ወይስ ሁለት? እዚያ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። መጨረሻ ላይ ለያየኋቸው፦ የመጀመሪያው ገና ፍሬው ያልወጣ ጥጥ፣ ሁለተኛው አያቴ በእንዝርት የምትፈትለው ባዘቶ። ያን ቀን አለፍኩት።

1,000ውን ለታናሽ እህቴ ስወጣላት ወረቀቱን ይዛ በጣቷ እየተከተለች ነበር። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች 1፣ 9፣ 8፣ 9 ናቸው፤ ለእነሱ ሥዕል አላስፈለገኝም፤ የተወለደችው በ1989 ዓ.ም. ነው።